ካህን በማይደርስበት እሑድ

በሰሜን ሸዋ ካቶሊክ ሆኖ መኖር በአብዛኛው ጥቂት ሆኖ መኖር ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ መንዝ ውስጥ፣ ወይም ቆላ ወርዶ ሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚኖር ካቶሊክ ቤተሰብ በሰፈሩ ብቸኛው ሊሆን ይችላል። ጎረቤቱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ወይም ሙስሊም ነው። ዕድሩ የማርያም፣ ማኅበሩ የሚካኤል ነው። ለማስቀደስ መኪና መሳፈር አለበት። ክረምት ሲከብድ፣ ወይም ባለፉት ዓመታት እንዳየነው በጸጥታው ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ እሱም ይቀራል።

እንዲህ ባለ ቦታ እምነትን የሚያቆየው ቤተ ክርስቲያን የምትጠይቀውን በትክክል ማወቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ግዴታው የቱ ነው? ልማዱ የቱ ነው? ካህን ብቻ የሚፈጽመው ምንድን ነው? አባትና እናት በገዛ ቤታቸው ሊያደርጉት የሚችሉትስ? ይህን ያልለየ ሰው ወይ የማይችለውን ሸክም ራሱ ላይ ይጭንና ሲደክመው ሁሉንም አንድ ላይ ይጥለዋል፤ ወይ ደግሞ "ቤተ ክርስቲያኑ ሩቅ ነው፣ ምን ላድርግ" እያለ ከዓመት ዓመት እየራቀ ይሄዳል። የሚበዛው ሁለተኛው ነው፤ የሚያሳዝነውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሰውየው እምነቱን አልካደም፤ የሚይዝበት ነገር ብቻ አጥቶ ነው።

ከእሑድ እንጀምር። የግዕዝ ሥርዓት የሚከተለው የኢትዮጵያ ካቶሊክ ምእመን የሚተዳደረው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት የቀኖና ሕግ ነው። ቁጥር 881 ምእመናን በእሑድና በታዘዙት በዓላት ቅዳሴ እንዲያስቀድሱ፣ ወይም እንደየቤተ ክርስቲያናቸው ሥርዓትና ልማድ በጸሎተ ሰዓታት እንዲካፈሉ ያዛል። ጊዜው ከዋዜማው ምሽት ጀምሮ እሑድ እስኪያልቅ ነው። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ወጣት እሑድ ጠዋት ቢመደብ፣ ቅዳሜ ማታ ወይም እሑድ ከሰዓት ቅዳሴ ካለ በዚያ ግዴታውን ይፈጽማል። የላቲን ሥርዓት (የምዕራቡ ካቶሊክ ሥርዓት) ሕግም ቁጥር 1248 ላይ ካህን በሌለበት ወይም በሌላ ከባድ ምክንያት ማስቀደስ ካልተቻለ ምእመናን በግል፣ በቤተሰብ ወይም ጥቂት ቤተሰቦች ተሰባስበው እንዲጸልዩ አጥብቆ ይመክራል። የማይቻል ነገር ማንንም አያስገድድም። መንገድ ተዘግቶበት፣ የታመመ ሰው እያስታመመ፣ ወይም የሚያርፍበት ፈረቃ አጥቶ የቀረ ሰው ኃጢአት የለበትም፤ ንስሓ ሲገባም ይህን ከኃጢአቱ ጋር መቁጠር አይገባውም። ነገር ግን ቅዳሴ ቀረ ማለት እሑድ ቀረ ማለት አይደለም።

የቤት ጸሎቱ ሥርዓት ያስፈልገዋል። ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ ለገበሬ ቤት ከብቱ ታልቦ ከተሰማራ በኋላ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ይመቻል። ከመደበኛው ቁርስ በፊት ቢሆን ይሻላል። በምሥራቁ ግድግዳ በኩል ትንሽ ጠረጴዛ፣ ነጭ ጨርቅ፣ መስቀል፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ መጽሐፍ ቅዱስና አንድ ጧፍ ይበቃል። የዕለቱን ንባባት ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ የወሩን ንባብ ከግጻዌው (የየዕለቱ ንባብ ከሚወጣበት መጽሐፍ) ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም እንዲልክ የቁምስናውን (የአጥቢያውን ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን) ሰው መጠየቅ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ስልክ አያዋጣም፤ ስለዚህ ወሩ ሲገባ በደብተር ይገልበጥ። ንባቡን የሚያነበው ልጅ ቅዳሜ ማታ ጮክ ብሎ አንድ ጊዜ ይለማመድ። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ እየተደናቀፈ የሚነበብ ጳውሎስ ለማንም አይገባም።

በቅዳሴያችን ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከግብረ ሐዋርያት፣ ከምስባኩ (ከመዝሙረ ዳዊት ከሚሰበከው ጥቅስ) እና ከወንጌሉ ይነበባል። ቤት ውስጥ አንድ መልእክት፣ መዝሙሩና ወንጌሉ በቂ ናቸው። በትእምርተ መስቀል ይጀመራል፤ "አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ" የሚለው መዝሙረ ዳዊት 50 ይደገማል፤ መልእክቱ ተቀምጦ፣ ወንጌሉ ቆሞ ይሰማል። ከወንጌሉ በኋላ ለአምስት ደቂቃ ዝም ይባል። ከዚያ የፈለገ ሰው ከሰማው ቃል የያዘውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ስብከት የለም። ጸሎተ ሃይማኖት ይከተላል፤ ከዚያም ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ፣ ለጳጳሱ፣ ለአገር ሰላም፣ ለታመሙ፣ ከቀዬአቸው ለተፈናቀሉና ለሞቱ ይጸለያል። "አባታችን ሆይ" ይባልና ሁሉም በልቡ ጌታን በቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ያለውን ናፍቆት ይነግረዋል፤ በአካል መቁረብ ያልቻለ ሰው በመንፈስ የሚቆርብበት ጸሎት ይህ ነው። በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያንና ለድሆች የሚሆን ገንዘብ በአንድ ጣሳ ይቀመጣል። ሁሉም ከ40 ደቂቃ መብለጥ የለበትም።

የሚበላሸው የት እንደሆነ ደግሞ እንመልከት። ጸሎቱን የሚመራው አባወራ አጋጣሚውን ልጆቹን ለመገሠጥ ከተጠቀመበት ልጆቹ በሦስተኛው ሳምንት መሸሽ ይጀምራሉ፤ እውነት አላቸው። ረጅም ከሆነ ሕፃናቱ ይሰለቻሉ። ፍሬ ቅዳሴውን፣ ኅብስቱና ወይኑ የሚቀደስበትን ጸሎት፣ ካህን ብቻ ይጸልየዋልና ምእመን ከመጽሐፍ ላይ እንኳ ማንበብ የለበትም፤ ዳቦና ወይን አቅርቦ ቅዳሴ የሚመስል ነገር መሥራት ደግሞ ከባድ ስሕተት ነው። ጸሎቱን የሚመራ ሰው ሌሎቹን አይባርክም፤ ራሱ ላይ አማትቦ ይጨርሳል። በስልክ ወይም በቴሌቪዥን የሚተላለፍ ቅዳሴ ለታመመና ለአረጋዊ ትልቅ ጸጋ ነው፤ መድረስ ለሚችል ሰው ግን ምትክ አይሆንም። እንግዳ ድንገት ከመጣ ጸሎቱን ማቋረጥ አያስፈልግም፤ "እንኳን ደህና መጡ፣ ጸሎት ላይ ነን፣ አብረውን ይቀመጡ" ማለት ነው። በሸዋ ይህን የሚቀየም ሰው አላውቅም።

ከሩቅ መጥቶ ለሚቆርብ ሰው አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል፦ ከሌሊት ጀምሮ ሳይበላ ተጉዞ ቢዝልስ? የላቲን ሥርዓት ሕግ ከመቁረብ በፊት አንድ ሰዓት ብቻ ከምግብና ከመጠጥ መከልከልን ይጠይቃል፤ ውሃና መድኃኒት አይከለክልም። በግዕዝ ሥርዓት ልማዱ ከሌሊት ጀምሮ ነው፤ ሕጉንም የየቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይወስነዋል። የስኳር ወይም የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው በዝምታ ራሱን ከመጉዳት ወይም በዝምታ ከመቁረብ ከመቅረት አስቀድሞ ለቆሞሱ፣ ለቁምስናው ኃላፊ ካህን፣ ይንገር። መፍትሔው በአንድ ስልክ ጥሪ ያልቃል።

መቁጠሪያን፣ በዶቃ እየቆጠርን የጌታንና የእመቤታችንን ሕይወት ምስጢራት የምናስብበትን ጸሎት፣ በአጭሩ ላንሳው። ሰኞና ቅዳሜ የደስታ፣ ማክሰኞና ዓርብ የሕማም፣ ረቡዕና እሑድ የክብር፣ ሐሙስ ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የጨመሩት የብርሃን ምስጢር ይታሰባል። አምስቱን ምስጢር ለመጨረስ 20 ደቂቃ ገደማ ይበቃል። ቤተሰቡ ከደከመው አንዱን ምስጢር በእርጋታ መጸለይ አምስቱን እየተንጋጉ ከመጨረስ ይበልጣል።

ጾም ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በሰሜን ሸዋ ጾም የጋራ አየር ነው። የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊክ በአገሩ የዘመን አቆጣጠር ይጾማል፤ ገናን ታኅሣሥ 29 ያከብራል፤ ፋሲካንም ከጎረቤቱ ጋር በአንድ ቀን ይፈታል። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብርኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና እያሉ የሚሄዱት ሳምንታት የእኛም ናቸው። የጾሙን ዝርዝር ግዴታ የየቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ይወስናል። በላቲን ሥርዓት ከሥጋ መከልከል ከ14 ዓመት፣ በቀን አንድ ዋና ምግብ ብቻ መብላትን የሚጠይቀው ጾም ደግሞ ከ18 እስከ 59 ዓመት ላለ ሰው ነው። የታመመ፣ ያረገዘች፣ የምታጠባ፣ በከባድ የጉልበት ሥራ ላይ ያለ ሰው አቅሙን አይቶ ይጾማል። ሕፃን ልጅን ወተት ከልክሎ ጾመኛ ማድረግ ማንም አላዘዘም።

ሰው የሚስተው ሌላ ቦታ ነው። ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ የደብረ ብርሃን አረቄ የሚደጋግም ሰው የምግቡን ሕግ አላፈረሰ ይሆናል፤ ጾሙ ግን የት ሄደ? ሁለተኛው ስሕተት ከጾሙ የተረፈውን አለማሰብ ነው። በሰላሌም በደብረ ብርሃን ዙሪያም ላም ያላቸው ሰዎች እንደሚያውቁት በሁዳዴ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ፈላጊው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ቤት ለ55 ቀን ቢተወው 110 ሊትር ነው። ያን ሁሉ አንጦ ለፋሲካ ገበያ ቅቤ ማከማቸት ኃጢአት አይደለም። ነገር ግን ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት በወንጌል አብረው የተነገሩ ናቸው፤ ከዚያ ወተት ግማሹ ሕፃን ላለበት ቤት ቢሄድ ጾሙ ሙሉ ይሆናል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ከየአካባቢው ተፈናቅለው በመጠለያ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቻቸው ጾመኞች አይደሉም። ጥሬ ወተት ለሕፃን አይሰጥምና አፍልቶ፣ በንጹሕ ዕቃ፣ በዚያው ጠዋት ማድረስ ያስፈልጋል። ከመጠለያው አስተባባሪዎች ጋር ቀድሞ መነጋገርም ይገባል፤ ሳይጠይቁ ተሸክሞ መሄድ ሰልፍና ጠብ ያስነሳል።

ወተትን ካነሳሁ ንስሓን በዚያው ላስከትል። ካህን በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚደርስበት ሰው ንስሓ ተዘጋጅተውበት የሚገቡበት ነገር ነው። የዋዜማውን ማታ ሩብ ሰዓት ብቻውን ይቀመጥና በአራት ቦታ ራሱን ይመርምር፦ ከእግዚአብሔር ጋር፣ በቤቱ፣ በእርሻው ወይም በሥራው፣ በገበያው። ብዙ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ይቆማል። "ጸሎት ተውኩ፣ ተቆጣሁ" ይልና ይጨርሳል። የድንበር ድንጋይ መግፋት፣ ጤፍ ላይ ሌላ እህል ደባልቆ መሸጥ፣ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ማዘግየት፣ ለዘመድ ሲሉ ፍርድ ቤት በሐሰት መመስከር አይነሱም። ከባድ የሆነውን ኃጢአት ዓይነቱንና በግምትም ቢሆን ስንት ጊዜ እንደተደረገ መናገር ያስፈልጋል። የሌላ ሰው ስም አይጠራ፤ የሚስትን ወይም የአማትን ኃጢአት የሚዘረዝር ሰው የራሱን አልተናዘዘም። በወረቀት መጻፍ ይቻላል፤ ሲያበቃ ወረቀቱን ማቃጠል ነው።

ከዚያ ደግሞ መካስ አለ። ከሰው የተወሰደ ነገር መመለስ አለበት፤ ካህኑ ከኃጢአቱ ቢፈታውም ዕዳው በቦታው ይቆያል። ምሳሌውን በወተት ልውሰድ። አንድ ሰው በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ በየቀኑ ሁለት ሊትር ውሃ ቢጨምርና ለሦስት ወር ቢያቀርብ፣ 180 ሊትር ውሃ በወተት ዋጋ ሸጧል። የሚመልሰው የ180 ሊትር ወተት ዋጋ ነው። ውሃ የገባበትን ወተት የሚለየው ላክቶሜትር አልያዘውም ማለት ዕዳው የለም ማለት አይደለም። የተቀበለው ማኅበር ወይም ደንበኛ ከታወቀ ለእሱ ይመለሳል፤ ለምሳሌ በየቀኑ ሁለት ሊትር ያለ ዋጋ በመጨመር በሦስት ወር መክፈል ይቻላል። ገዢዎቹ የማይታወቁ ከሆነ ለድሆች ይሰጣል። በአንድ ጊዜ መክፈል ያልቻለ ቀስ በቀስ ይክፈል፤ ጨርሶ አለመጀመሩ ነው ችግሩ። ስሙ እንዳይታወቅ የፈለገ ሰው በካህኑ በኩል ማድረስ ይችላል፤ ካህኑ በንስሓ የሰማውን ለማንም፣ በምንም ምክንያት ሊናገር አይችልም። ድንበር የገፋ ሰው ደግሞ ድንጋዩን ይመልስ። በዚህ ላይ ገንዘብ ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቶ ማካካስ የሚባል ነገር የለም፤ መሬቱ የጎረቤቱ ነው።

ደምም በአገራችን አለና ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። "ደሜን እመልሳለሁ" የሚል ሐሳብ በልቡ የያዘ ሰው ያን ሐሳብ እስካልጣለ ድረስ ከኃጢአቱ ሊፈታ አይችልም፤ ንስሓ ኃጢአቱን ላለመድገም መቁረጥን ይጠይቃልና። የሽማግሌ ዕርቅ እዚህ ላይ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ነው። ካህኑ ለነፍሱ፣ ሽማግሌዎቹ ለቤተሰቦቹ ሰላም፣ ሕጉም ለፍትሑ የየራሳቸው ቦታ አላቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አሁን ብዙ ቤተሰብ ወደሚታሰርበት ጉዳይ እንምጣ፤ ጋብቻ። በሸዋ አብዛኛው ትዳር በሰማንያ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ውል ይጻፋል፣ ምስክር ይፈርማል፣ ድግስ ይደገሳል። በአገሪቱ ሕግ ይህ ጋብቻ ነው። ለካቶሊክ ምእመን ግን ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን ፊት እንዲጸና ካህን ባርኮት፣ ቢያንስ ሁለት ምስክሮች ባሉበት መፈጸም አለበት። በሰማንያ ብቻ የሚኖር ካቶሊክ ከቅዱስ ቁርባን ይከለከላል፤ ብዙዎች በዚህ አፍረው ከነጭራሹ ይቀራሉ። ይህ መሆን የለበትም። ማስቀደስ፣ መጸለይ፣ ልጆችን ማስጠመቅ ይችላሉ፤ ነገሩንም ማስተካከል ይቻላል። ሁለቱም ነጻ ከሆኑ፣ ማለትም ቀድሞ የጸና ሌላ ትዳር ከሌለባቸው፣ ካህኑ ሁለት ምስክር ይዞ በጸጥታ ቃል ኪዳናቸውን ይቀበላል። ሁለተኛ ድግስ አያስፈልግም። ሰዉን የሚያስቀረው በአብዛኛው "ዳግመኛ መደገሻ የለኝም" የሚለው ነው፤ ማንም ያልጠየቀው ድግስ ስንቱን ለዓመታት ከቁርባን አርቆ አቆይቷል!

ካቶሊክና ኦርቶዶክስ ሲጋቡ ተጨማሪ ነገር አለ። የጳጳሱ ፈቃድ ይጠየቃል። ካቶሊኩ ወገን እምነቱን ለመጠበቅ ዝግጁ መሆኑን ይገልጻል፤ ልጆቹ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቀው እንዲያድጉ የሚችለውን ሁሉ እንደሚያደርግም ከልቡ ቃል ይገባል፤ ሌላው ወገን ይህን ቃል እንዲያውቅ ይደረጋል፣ እንዲፈርም ግን አይገደድም። ካቶሊኩ ያለ ፈቃድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢያገባ፣ ካህን ባርኮታልና ጋብቻው ይጸናል፤ ሥርዓቱን ግን ጥሷል፤ ይህንንም ከቆሞሱ ጋር ማስተካከል አለበት። ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ ቢዘገይ ከሠርጉ ሦስት ወር አስቀድሞ ቆሞሱን ማነጋገር ነው። የሚያስፈልገው አዲስ የወጣ የጥምቀት ምስክር ወረቀት፣ ከትዳር ነጻ መሆንን የሚያረጋግጥ ማስረጃና የሁለቱም መታወቂያ ነው። የድግሱ ቀን ተቆርጦ በሬው ከተገዛ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉንም ያጣድፋል፤ ጥድፊያው ውስጥ የሚጣለው ደግሞ ሁልጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ክፍል ነው።

መንገድ ተዘግቶ ካህን ለአንድ ወር የማይገኝ መሆኑ በእርግጥ የሚታይ ከሆነ የምሥራቁ ሕግ ቁጥር 832 ተጋቢዎቹ በምስክሮች ፊት ብቻ በጸና መንገድ እንዲጋቡ ይፈቅዳል። ሌላ ካህን፣ ካቶሊክ ያልሆነም ቢሆን፣ የሚገኝ ከሆነ ጋብቻውን እንዲባርክ ይጠራ ይላል። ካህናቸውም ሲደርስ ሳይዘገዩ ቡራኬውን ይቀበላሉ። ይህ ለጭንቅ ቀን የተሰጠ በር ነውና ርቀትን ሰበብ አድርጎ ለመጠቀም አይሆንም። ቢቻል አስቀድሞ ለቆሞሱ በስልክ ማሳወቅ፣ ቀኑንና የምስክሮቹን ስም ጽፎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የጭንቅ ጥምቀትም እንዲሁ በቤት የሚፈጸም ነው። ልጅ ተወልዶ ሊሞት ነው ተብሎ ከተፈራ፣ ካህንም ዲያቆንም ካልተገኘ፣ ማንኛውም ክርስቲያን፣ አባት ወይም እናትም ቢሆን ማጥመቅ ይችላል። ንጹሕ ውሃ ይበቃል፤ ጠበል ፍለጋ መሮጥ አያስፈልግም። ውሃውን በሕፃኑ ግንባር ላይ ሦስት ጊዜ እያፈሰሱ ስሙን ጠርቶ "በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሃለሁ" ማለት ነው፤ ለሴት ልጅ "አጠምቅሻለሁ"። የሚያፈሰውና ቃሉን የሚናገረው አንድ ሰው ይሁን። ውሃው ቆዳ ላይ ይፍሰስ፤ ቆብ ወይም ጨርቅ ላይ የቀረ ውሃ ጥርጣሬ ያመጣል። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነውና ውሃውን ለብ ማድረግ ይገባል። ከዚያ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያጠመቀውንና ያየውን ሰው ስም መጻፍ። ልጁ ከተረፈ ካህኑ ሜሮኑንና የቀረውን ሥርዓት ይፈጽማል፤ ዳግመኛ ግን አይጠመቅም። ጤነኛ ልጅን መንገድ ስለራቀ ብቻ እንዲህ ማጥመቅ ስሕተት ነው፤ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ጠብቆ ማድረስ ነው። ለክርስትና አባትነት ወይም እናትነት ኦርቶዶክስ ዘመድ መጋበዝ ይቻላል፤ አብሮት ግን ካቶሊክ መኖር አለበት።

ከጎረቤት ጋር የሚኖረውን ነገር ያለ ታሪክ መናገር አይቻልም። "ይህ የጣልያን ሃይማኖት አይደለም ወይ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ለክርክር አልቸኩልም፤ ጠያቂው ሕመም አለው። ዐፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በዐዋጅ ለመጫን ሲሞክሩ ደም ፈስሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ራሳቸው መልሰውታል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በፋሺስቱ ግራዚያኒ ትእዛዝ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳትና ምእመናን በጅምላ ተረሽነዋል፤ ገዳሙም እዚሁ በሰሜን ሸዋ ነው። ካቶሊክ የሆነ ሰው ይህን ከማንም በፊት ሊያውቀው፣ ሊያዝንበትና ለእነዚያ ሰማዕታት ሊጸልይ ይገባዋል። ሌላም ታሪክ አለ፤ የኋላው ካርዲናል፣ ጣልያናዊው ሚስዮናዊ አቡነ መስያስ እ.ኤ.አ. በ1868 ልቼ ላይ ወደ ንጉሥ ምኒልክ መጥተው፣ በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ እስኪወጡ ድረስ በሸዋ ኖረዋል፤ ለሰዉ የፈንጣጣ ክትባት በመስጠታቸውም ይታወሱ ነበር። ይህን ግን የደብረ ሊባኖስን ሐዘን ለማካካሻ አላቀርበውም። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም።

በተግባር ግን መኖር ይቻላል፤ በደንብ ይቻላል። የጎረቤት ዝክር ላይ መገኘት፣ ጸበል ጻዲቅ መቅመስ፣ ጥር 11 ታቦት ማጀብ፣ ለቀስተኛ ቤት ማደር፣ ፍትሐት ላይ ቆሞ መጸለይ ይፈቀዳል፤ ደስ የሚልም ነው። ቅዱስ ቁርባን ላይ ግን ይቆማል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለራሷ ምእመናን ብቻ ታቆርባለች፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የአንድነት መመሪያዋ ይህን ሥርዓት እንድናከብር ታዝዛለች። ካቶሊክነቱን ደብቆ የሚቆርብ ሰው ሁለቱንም ያቃልላል።

የመጨረሻው ነገር ሕመምና ሞት ነው፤ ትልቁ ጥፋት የሚሠራውም እዚህ ነው። ምስጢረ ቀንዲልን፣ በሽተኛው በዘይት የሚቀባበትን ምስጢር፣ የሚፈጽመው ካህን ብቻ ነው፤ ሰው ግን በሽተኛው እንዳይደነግጥ እያለ እስከ መጨረሻው ሰዓት ይጠብቃል። ቀንዲል የሕሙማን ነው። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በፊት፣ ሕመሙ ሲጠና፣ እርጅናው ሲገፋ ይጠራ። መናገርና መዋጥ እያቃተው ከሆነ መናዘዝም መቁረብም ያመልጠዋል። ካህኑ ሲደወልለት "አባ፣ አባታችን ታመዋል፤ ይናገራሉ፣ ትንሽ ይውጣሉ፤ መንገዱ እስከ እገሌ ድረስ ክፍት ነው" ብሎ በትክክል መንገር ይጠቅማል። ከአልጋው አጠገብ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ጠረጴዛ፣ መስቀል፣ ሻማ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና ጥጥ ይዘጋጅ። ሲናዘዝ ቤተሰቡ ይውጣ። ካህኑ ካልደረሰ በሽተኛው ስለ ኃጢአቱ ለእግዚአብሔር ካለው ፍቅር የተነሳ እንዲጸጸት፣ ቢድንም እንዲናዘዝ ቃል እንዲገባ ቀስ ብሎ በጆሮው መርዳት፤ የኢየሱስን ስም አብሮት መጥራት። መስማት ከሁሉም ኋላ ሊጠፋ ስለሚችል የተኛ ቢመስልም መጸለይ አይቋረጥ።

ቀብሩ ደግሞ ከሕመሙ በፊት የሚታሰብ ነው። ብዙ የገጠር መቃብር የአጥቢያው ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካቶሊክ ሲሞት የት ይቀበር የሚለው ጥያቄ ሬሳ አስቀምጦ የሚነሳ ከሆነ ሐዘኑ ላይ ጠብ ይጨምራል። ስለዚህ አባወራው በጤናው ሳለ ከዕድሩ ዳኛ ጋር ይነጋገር፤ ዕድሩ አባሉን በሌላ መቃብር ለመቅበር ድንኳኑን፣ ዕቃውንና ሰውን ይልካል ወይ? በወረዳው ወይም በከተማው አስተዳደር የተመደበ የጋራ መቃብር አለ ወይ? ቁምስናው መቃብር ካለው ሬሳውን ለማድረስ የመኪናው ወጪ በማን ይሸፈናል? ተዝካሩንም ወራሾቹ ተበድረው እንዳይደግሱ አስቀድሞ ይናገር፤ በ40ው ቀን ቅዳሴ ማስቀደስና አቅም የፈቀደውን ለድሃ ማብላት ይበቃል። መልሱ ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጻፍ፤ የቆሞሱ ስልክ ቁጥር፣ የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች ቅጂም አብረው ይቀመጡ። አንዱ ቅጂ ቤት ይቆይ፣ ሌላው ለዕድሩ ጸሐፊ ይሰጥ፤ የቆሞሱ ቁጥር በተቀየረ ጊዜ ሁለቱም ይታረሙ።